መሪጌታ ሲገቡ የሚለቅ ወንበር

እትዬ ብርቅዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወደ መሪጌታ በእውቀቱ ግቢ የገቡት ገና በጠዋቱ ነው። አይፈረድባቸውም። አያ ገለቴ አናጢው ቁም ሣጥን የሚያክል ነገር በጎረምሶች አሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ በዐይናቸው አይተዋል። አያ ገለቴ በርም ይሠራል፣ አልጋም ይሠራል፤ ሰፈራችን የሚያውቀው ግን በሬሳ ሣጥን ነው። የእሱ መዶሻ ከተሰማ ሰው «ምን እየሠራህ ነው?» አይልም፤ «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። በዚያ ላይ የመሪጌታ ልጅ ደሳለ ካቻምና እግሩን ተጎድቶ ከሠራዊቱ ከተመለሰ ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አይታይም። እትዬ ብርቅዬ አንዱን ካንዱ ደመሩ፤ ሣጥኑ ስፋት ስላለውም ኀዘኑ እጥፍ መሰላቸው። «ወይኔ ደሳለ፣ ወይኔ መለሎው» እያሉ ከቤቱ ሲደርሱ፣ ደሳለ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ፣ ከፊት በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። «እንደምን አደሩ እትዬ ብርቅዬ» አላቸው። አልተነሣም። መነሣት ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ ምርኩዙን ፈልጎ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሰው እያየው መነሣት ስለማይወድ ነው። እሳቸውም የጀመሩትን ለቅሶ ባንድ ጊዜ ማቋረጥ ነውር መስሏቸው ትንሽ አልቅሰው ጨረሱና ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቡ ተቀመጡ። ቆሎ ዘገነላቸው። «ታዲያ ሣጥኑ የማነው?» አሉ እየቆረጠሙ። «የማኅሌት ነው» አላቸው። «ውይ፣ እሷን ደግሞ ምን ነካት?»

የደሳለን እህት ማኅሌትን ምንም አልነካትም፤ ሥራዋ ነው። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ድርጅት ተቀጥራ የብረት ለበስ ተሽከርካሪ ውስጠኛ ክፍል ትነድፋለች፤ ወታደሩ የት እንደሚቀመጥ፣ እጁ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ፊቱ ያለው ስክሪን ምን እንደሚያሳየው፣ አደጋ ሲመጣም ምን ብሎ እንደሚነግረው። ድርጅቱ የቢሮ ኪራይ ከብዶት ሠራተኛውን «ከያላችሁበት ሥሩ» ብሎ ከበተነ ወዲህ ላሊበላ፣ እናትና አባቷ ቤት ሆና ትሠራለች። እናቷ ወይዘሮ አሰለች ነገሩን የተረዱት በራሳቸው መንገድ ነው። «ሁለት ዲግሪ ይዛ ወንበር ትሠራለች» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ፤ ኩራታቸው ይሁን ኀዘናቸው፣ ማኅሌት እስከ ዛሬ ለይታ አታውቅም። ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ ይፈረዳል። ለድርጅቱ ሁለት ወንበር ቀርቦለታል። አንዱ አራት ዘለበት ያለው፣ እያንዳንዱ ዘለበት በሁለት እጅ የሚፈታ፣ ርካሽ ነው። ሌላው የማኅሌት ነው፤ አንዲት እጀታ ስትሳብ ቀበቶው ሁሉ ባንዴ ይለቃል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከአናት ያለውን ብረት ይዞ እግር ሳያስቸግሩ በክንድ ብቻ መውጣት ይቻላል። ደንቡ አንድ ነው፤ እሳት ተነሣ ከተባለ የተቀመጠው ሰው በአሥር ሰከንድ ውስጥ ውጪ መቆም አለበት። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ኢንጂነር ኢያቄም ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየ ይወስናል። ማኅሌት ያቺን እጀታ ማንን እያሰበች እንደነደፈቻት ታውቃለች። ደሳለ ይነዳ የነበረው እንዲህ ያለውን ብረት ነው። ከውስጡ እንዴት እንደወጣ፣ ለምንስ እንደዘገየ፣ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ እሷም ጠይቃው አታውቅም። ባለ አራት ዘለበቱ ከተመረጠ ግን የሌላ ሰው ወንድም እዚያ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል።

ማኅሌት ለሙከራው የተሽከርካሪውን ውስጥ አስመስላ ያሠራችው ሣጥን ሳሎን ገባ። ሳሎኑ ሰፊ አይደለም። ዳንቴል የለበሱ ሁለት ሶፋዎች፣ ሻሽ የተከናነበ ቴሌቪዥን፣ የእመቤታችን ሥዕልና የመሪጌታ መቋሚያ ተቻችለው የሚኖሩበት ክፍል ነው፤ ሣጥኑ ሲጨመር አንደኛው ሶፋ ጓዳ ገባ፣ ወይዘሮ አሰለችም አኮረፉ። አያ ገለቴ ላቡን እየጠረገ ስለ ኮምፔንሳቶ ዋጋ አማረረ። «እንደ ድሮው ቢሆን በዚህ ብር ሦስት ሰው እቀብርበት ነበር» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ውስጡ ከወልድያ የመጣ የአሮጌ ሚኒባስ ወንበር ከነቀበቶው ተገጥሟል፤ ለረዳቱ የሚሆን ወንበር ስላልተገኘ አንድ ዱካ ገብቷል። ፊት ለፊት ታብሌት ተለጥፏል። ታብሌቱ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ሙቀትና መንገዱን ያሳያል፤ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ቀይ ይለብስና ይናገራል። ድምፁ የማኅሌት ነው። መጀመሪያ የቀዳችው «እሳት! ውጣ!» የሚል ነበር። ወይዘሮ አሰለች ከጓዳ ሰምተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው እንዲህ የምታመናጭቂው? የመሪጌታ ልጅ መሆንሽን ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ» አሏት። ወንበሩን የሚሞክሩላት ጎረቤቶቿ ደግሞ አብዛኞቹ ታላላቆቿ ናቸው። ብታስበው ብታስበው እትዬ ብርቅዬን «ውጣ» ማለት አልሆነላትም። ስለዚህ ለዛሬው ብቻ ብላ፣ «እሳት ተነሥቷል፤ እባክዎ ይውጡ» በሚል ቀየረችው።

የመጀመሪያው ሞካሪ አድማሴ ነበር። አድማሴ አስጎብኚ ነው፤ እንግዳ ከቀረ ወዲህ ሥራው ጥሩ ሸሚዝ ለብሶ አደባባይ መቆም ብቻ ሆኗል። የወታደር ልብስ ውፍረት እንዲኖረው የመሪጌታን አሮጌ ካፖርት ደረበ፣ ከግንበኛ የተዋሱትን የፕላስቲክ ቆብ ደፋ፣ ቀበቶውን አሰረና ተመቻቸ። «ይሄ እኮ ከአውሮፕላን ይበልጣል» አለ። ማኅሌት ሰዓቷን ይዛ የማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ነካች። ስክሪኑ ቀላ፤ «እሳት ተነሥቷል፤ እባክዎ ይውጡ» አለ። አድማሴ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ቀለሙ ያምራል» አለ። ከዚያ ለስክሪኑ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መለሰ፣ የካፖርቱን ቁልፍ አስተካከለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ እጀታዋን በዝግታ ሳባት፣ ወጣ። እውነተኛ እሳት ቢሆን ኖሮ ካፖርቱም አይተርፍም ነበር። «አያ አድማሴ፣ መቸኮል አለብህ እኮ» አለችው። «ማን አባረረኝ?» አላት።

በሁለተኛው ሙከራ እትዬ ብርቅዬ በረዳትነት ዱካዋ ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁለት ሲሆን ይደነግጣል ብላ ነው። ስክሪኑ ቀላ፣ ተናገረ፣ ቀበቶው ለቀቀ፣ በሩም ተከፈተ። ማኅሌት ደስ ሊላት ሲል አድማሴ በሩ ላይ ቆመና «እርስዎ ይቅደሙ» አላቸው። «ኧረ አንተ ቅደም፣ ሹፌሩ አንተ» አሉት። «እርስዎ እያሉማ አላደርገውም።» «በሞቴ አድማሴ።» «በእናትዎ እትዬ ብርቅዬ።» ስክሪኑ «እባክዎ ይውጡ፣ እባክዎ ይውጡ» እያለ ይለምናል። በመጨረሻ እትዬ ብርቅዬ «እንግዲህ ካልክ» ብለው ወጡ፤ ተሽከርካሪው እስከዚያ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ በጠፋ ነበር። ማኅሌት ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ወይዘሮ አሰለች ይህን ሲያዩ ኩርፊያቸውን ትተው ሽሮ አቀረቡ፤ ሁሉም በላ። በምሳው ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ፣ ስለ ብልባላ ገበያ ተወራ። ስለ ወንበሩ ማንም አላነሣም። የደሳለ ምሳ እንደ ሁልጊዜው በሰሃን ወደ በረንዳው ወጣለት።

ከምሳ በኋላ አድማሴ ሦስተኛውን ሊሞክር ገባ፤ እትዬ ብርቅዬም ዱካቸው ላይ ተመቻቹ። ስክሪኑ ቀላ። አድማሴ በጥጋብ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። ልክ በዚህ ጊዜ መሪጌታ በእውቀቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው በጓዳው በኩል ብቅ አሉ። መሪጌታ በፊት በር መግባት ካቆሙ ቆይተዋል። ከዋናው መንገድ ታጥፈው፣ በሽንኩርቱ መደብ አልፈው፣ ለዶሮዎቹ ሰላምታ ሰጥተው ነው የሚገቡት። ወይዘሮ አሰለች «በዚያ ይቀርባቸዋል» ይላሉ፤ አይቀርባቸውም። ሰፈራችን የሚለው ሌላ ነው። ደሳለ ቅኔ ቤቱን ጥሎ ወታደር ቤት ስለገባ አባት ይቅር አላሉትም፤ ፊቱን ላለማየት በጓሮ ይዞራሉ ነው የሚባለው። አባትና ልጅም አንዱ በረንዳ አንዱ ጓዳ እየዋሉ ወሬውን አላስተባበሉም። ብቻ መሪጌታ ብቅ ሲሉ ሣጥኑ ውስጥ የሆነው በዐይን አልታየም። እጀታዋ ጠቅ አለች፣ ቀበቶው ተወረወረ፣ በሩ ተበረገደ፤ አድማሴና እትዬ ብርቅዬ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ አድማሴ የፕላስቲክ ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ፣ «ኖር» አሉ። «በግዜር፣ በግዜር» አሉ መሪጌታ፤ የግንበኛ ቆብ ግራ አጋብቷቸዋል። ማኅሌት ሰዓቷን አየች። የአሥሩ ግማሽ ነው። ደግማ አየችው።

«አባዬ፣ እስቲ አንዴ ወጥተው ተመልሰው ይግቡ» አለቻቸው።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ምንም አላጠፉም። ብቻ ይውጡና ይግቡ።»

ወጡ፣ ገቡ። አድማሴና እትዬ ብርቅዬ ፈናጠር ብለው ወጡ። አሁንም መሪጌታ ወጡ፣ ገቡ። እንደገና ኖር፣ እንደገና በግዜር። ቅደሙ የለ፣ በሞቴ የለ፤ መሪጌታ ቆመው እያዩ መቀመጥ ከመቃጠል የባሰ ነው። ስክሪኑ ያልቻለውን ሽማግሌው በአንድ እግራቸው ደፍ ረግጠው ቻሉት። ወይዘሮ አሰለች «ኧረ ሰውየውን አደከምሻቸው» ቢሉም መሪጌታ ራሳቸው ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ፣ «እኔን እሳት አደረግሽኝ አይደል?» አሉ። ቅር ያላቸው ለመምሰል ሞከሩ እንጂ ጢማቸው ሥር ፈገግታ ነበር። ይህ ማታለል ነው ወይ ብላ ማኅሌት ራሷን ጠየቀች። ወንበሩ ሰው ማውጣት እንደሚችል ታየ፤ ሰውየው መውጣት መፈለግ ነበረበት፤ አባቷ ያንን ፍላጎት ይዘው መጡ። አላታለለችም። ብታታልልም ንስሐ አባቷ ሩቅ አይደሉም።

ችግሩ የቪዲዮው ሰዓት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መጣ። መብራት ጠፋ፤ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። የስልኩ ኔትወርክ ደግሞ በዚያ ቤት የሚገኘው በረንዳው ላይ ብቻ ነው። ሣጥኑን ገፍተው፣ ጎትተው፣ የበሩን ጉበን ልጠው አወጡትና ከደሳለ አግዳሚ አጠገብ አቆሙት። ደሳለ ቀበቶውን አየት አደረገና ዐይኑን መለሰ። ከዚያ አግዳሚዋን በመዳፉ እየገፋ ከሣጥኑ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ማኅሌት አየችው። «ይረብሽሃል?» ልትለው አፏን ከፈተች፤ «ፀሐይ ከለከልኩህ?» ብላ ጨረሰችው። «የለም» አላት። ወደ ጓዳ ገባችና ለአባቷ አዲሱን ዕቅድ ነገረቻቸው። ስክሪኑ ሲቀላ መሪጌታ በግቢው ዋና በር ገብተው፣ በፊት ለፊት ወደ በረንዳው መውጣት አለባቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በፊት በር?» አሉ። «አዎ አባዬ፤ ኔትወርኩ እዚያ ብቻ ነው።» ከዚያ «እናያለን» ብለው በጓዳ በር ወጡ።

ኢንጂነር ኢያቄም በሰዓቱ ደወለ። ስልኩ የበረንዳው ምሶሶ ላይ በገመድ ታስሯል፤ የሱ ፊት እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ድምፁ ግን ጥሩ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ በጀት ያለበት ሰው ነው። አድማሴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ለካሜራው በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። ማኅሌት ቁልፉን ነካች። ስክሪኑ ቀላ። የግቢው ዋና በር አልተከፈተም። «እሳት ተነሥቷል፤ እባክዎ ይውጡ።» ማኅሌት በሩን ታያለች፤ እትዬ ብርቅዬ በሩን ያያሉ፤ አድማሴም እጁን እጀታዋ ላይ አድርጎ በሩን ያያል። መሪጌታ የሉም። አሥሩ ሰከንድ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አድማሴ በመጨረሻ አፍሮ ወጣ፤ ሲወጣም «ይቅርታ» አለ። ኢንጂነር ኢያቄም ተነፈሰ። «ኢንጂነር ማኅሌት፣ ወንበርሽ ምቹ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ሰው ከተመቸው አይነሣም። ባለ አራት ዘለበቱን እናስገባ። ወታደር ነው፣ ይለምደዋል።» ማኅሌት እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ከካሜራው አዞረች። እንባ ለስብሰባ አይሆንም።

«አድማሴ፣ እስቲ ዞር በልልኝ» አለ ደሳለ።

ምርኩዙን ፈለገ። ግድግዳውን ተደገፈ። ሰው ሁሉ እያየው ተነሣ፤ ማንም ሊያግዘው አልደፈረም። ወደ ሣጥኑ ለመግባት ጊዜ ወሰደበት። የታመመውን እግሩን በሁለት እጁ አንሥቶ አስገባው። ምርኩዙን ውጪ አስቀመጠ፣ ቀበቶውን ሳይመለከት አሰረ፤ እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ከዚያ ምሶሶው ላይ ወዳለው ስልክ ዞረ። «የኔው አራት ዘለበት ነበረው» አለ። «ሦስቱን ፈታሁ።» ወይዘሮ አሰለች ከበሩ መቃን ጋር ተጣበቁ። ስንት ቀን ስንት ሌሊት ሊጠይቁት ፈልገው ያልጠየቁት ይህን ነበር። ደሳለ «ጀምሪ» አላት እህቱን።

ማኅሌት ቁልፉንም ሰዓቱንም ነካች። ስክሪኑ ቀላ። «እሳት ተነሥቷል፤ እባክዎ ይውጡ» አለ የራሷ ድምፅ፤ እንዲህ ጠልታው አታውቅም። ደሳለ አልተንቀሳቀሰም። ቀዩን እያየ ደርቆ ቀረ፤ ጣቶቹ ጭኑ ላይ ተጣብቀዋል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ማኅሌት ልታቆመው እጇን ዘረጋች። ይህን ጊዜ ዋናው በር ሲጥጥ አለ። መሪጌታ በእውቀቱ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። እስካሁን ከበሩ ወዲያ ቆመው ኖሯል፤ አንድ እጃቸው የበሩ ቆርቆሮ ላይ እንደነበረ መዳፋቸው ላይ የተጋባው ዝገት ያሳብቃል። ደረጃውን ወጡ። ልጃቸውን አዩት፤ አያቸው። እጀታዋ ጠቅ አለች። ቀበቶው ለቀቀ፣ በሩ ተበረገደ፣ ደሳለ ከአናቱ ያለውን ብረት ጨብጦ በክንዱ ተስቦ ወጣ፤ የሣጥኑን ጣሪያ ይዞ በደህናው እግሩ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ኖር አባዬ» አለ።

መሪጌታ መመለስ ነበረባቸው፤ የዕድሜ ልክ መልስ ናት። «በግዜር» አሉ በመጨረሻ። «በግዜር፣ ተቀመጥ ልጄ። እንዳትነሣ ብዬ እኮ ነው በጓሮ የምዞረው።»

«ተቀይመውኝ መስሎኝ» አለ ደሳለ።

እትዬ ብርቅዬ ጠዋት ያቋረጡትን ለቅሶ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አሁን ግን ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ስላላወቁ በእጃቸው ይዘው ቆሙ። አድማሴ ቆቡን ደረቱ ላይ አድርጓል። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ማኅሌት ወደ ስልኩ ስትዞር የኢንጂነር ኢያቄምን ፊት አጣችው፤ ስክሪኑን የሞላው ሆድና የሱሪ ቀበቶ ነው። መሪጌታ ሲገቡ እሱም አዲስ አበባ ሆኖ ተነሥቷል። ትንሽ ቆይቶ ተቀመጠና ፊቱ ተመለሰ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ያንቺን ነው የምናስገባው» አለ። «ባለ አንድ እጀታውን። ዘለበት የሚባል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዳላይ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሪፖርቱ ግን ቁጥር ያስፈልገኛል። ለመውጣት ስንት ፈጀበት?»

ማኅሌት ሰዓቷን አየች። ማቆም ረስታለች፤ አሁንም ይቆጥራል። ልታቆመው ጣቷን ስትሰድ፣ መሪጌታ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው አግዳሚዋ ላይ ካስቀመጡ በኋላ አጠገቡ እየተቀመጡ ቀና አሉ።

«ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው በያቸው» አሉ።